ቅመስና ትፋ

የፓፓያ ማርማላታ ሲሠራ ውፍረቱን ዓይን ያየዋል። ቀዝቃዛ ሳህን ላይ አንድ ጠብታ ጣል ይደረግና ሳህኑ ዘንበል ይላል፤ ጠብታው ከሮጠ አልደረሰም፣ እየተጎተተ ከወረደ ደርሷል። ስኳሩም በጣሳ ይለካል። የሎሚውን ነገር ግን ከምላስ በቀር የሚናገር የለም። ከሐይቁ ዳር የሚመጣው ፓፓያ ውኃ ውኃ ስለሚል ትንሽ ሎሚ ይበቃዋል፤ የጓሯችን ግን ጣፋጭነቱ ያንገሸግሻል፣ ሎሚ ቢጨመርበት ቢጨመርበት አይጠግብም። ሎሚው ካነሰ ማርማላታው ለዛ ቢስ ይሆናል፤ ጥቂት ሰንብቶም ይፈላል። ይህን ያወቅኩት አሥራ አንድ ጠርሙስ ጓሮ ወስጄ ከደፋሁ በኋላ ነው።

ያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ የተገጣጠሙበት ነበር። ማርማላታውን የምሠራው ከጎረቤቴ ጋር ነው፤ በአሥር ዓመት ያህል ትበልጠኛለች፣ ግቢያችንን የሚለየው አንድ የቅንጭብ አጥር ነው። ሙያውን ያመጣችውም እሷ ናት፣ የሴቶች ሥልጠና ሄዳ። ክርስቲያን ናትና ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ እንኳ አትቀምስም። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ምንም ነገር ከአፌ አይደርስም። ከሰዓት በኋላ እንዳንሠራ እሷ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስም አመዱን አንስቶ ድስቱ ውስጥ ይሞጅረዋል፤ ድስቱም ለማፍጠሪያው ይፈለጋል። ስለዚህ ሥራው የጠዋት ነው፤ በጠዋት ደግሞ ሁለታችንም ፆመኞች ነን። በግቢው ውስጥ ረፋድ ላይ ምግብ የሚገባበት አንድ አፍ ብቻ ነበር፣ የአባቴ አፍ። አባቴ ደግሞ ስኳር አለበት።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሁለት ነገር ከልክላዋለች፤ ጣፋጭ መብላትና መፆም። ኪኒን እየዋጡ ሳይበሉ መዋል አይሆንም አለችው። የጣፋጩን ሲሰማ ዝም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። የፆሙን ግን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ጠየቃት፣ ያልሰማ መስሎ። በወጣትነቱ ኪታብ የቀራ ሰው ነው፤ በመንደሩ ሰው ሲታመም፣ ዝናብ ሲዘገይ፣ ዱአ ያድርግልን ተብሎ የሚጠራው እሱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ረመዳን አምልጦት አያውቅም። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም ብሎ፣ "በረመዳን ቀን፣ ሰው እያየኝ፣ ምግብ ላላምጥ?" አለኝ።

"በርህን ዘግተህ አላምጥ" አልኩት።

እንዲህ ነበርኩ። ምክንያት አለኝ፤ ምክንያቱን የምናገረው ግን እንዲታዘንልኝ አይደለም። እናቴም ስኳር ነበረባት። ከባሌ ቤት፣ ከደሴ፣ ሁሉ ነገር ፈርሶብኝ የተመለስኩት እሷን ላስታምም ብዬ ነው። የአምባሰል ልጅ ናት፣ ከአገሯ ሰው በመጣ ቁጥር ማር ይመጣላት ነበር፤ ስከለክላት እሺ ትለኛለች፣ ታስቀኛለች፣ ትመርቀኛለች፣ ማታ ፍራሿን ሳነሳ የተላሰ ማንኪያ አገኛለሁ። መጀመሪያ ጣቷ ጠቆረ። ቀጥሎ እግሯን ቆረጧት። ከዚያ ብዙም አልቆየች። ሰው ሁሉ ሲያለቅስላት እኔ በልቤ እሰድባት ነበር፤ እያሳቀች አታላኛለችና። እስካሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም።

እና የአባቴ ግራ እግር ትንሿ ጣት ላይ የማትደርቅ ቁስል ባየሁ ጊዜ ለራሴ ማልኩ። ይኼኛው አያታልለኝም፣ ከነሙሉ እግሩ ነው የምቀብረው አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅነቴን ትቼ ዘበኛ ሆንኩ። የስኳሩን ጣሳ ቆለፍኩበት። የተከደኑትን ጠርሙሶች አንገት በክር አሰርኩ፣ ቢነኩ እንዳውቅ። ጁምዓ ሊሄድ ሲነሳ ኪሱን እፈትሻለሁ። እሱ እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ይቆምልኛል፤ ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ሆና እያየች ዓይኗን ትመልሳለች።

አንድ ጁምዓ ሦስት ከረሜላ አገኘሁ።

"ነርሷ ናት የሰጠችኝ" አለ። "ካንቀጠቀጠህ ብላ፣ ከኪስህ አይጥፋ ብላኛለች።"

"የሚያንቀጠቅጥህ ምኞት ነው" አልኩት። ከረሜላዎቹን ከነወረቀታቸው እሳት ውስጥ ጣልኳቸው። ጭስ ሆነው ሲያልቁ አብረን ቆመን አየን። ነርሷ እኔንም ይህንኑ ነግራኛለች፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ። ስኳሩ እንደሚወጣ ሁሉ ሊወርድም ይችላል ብላኛለች። እኔ ግን የሰማሁት ልሰማ የፈለግሁትን ብቻ ነው። እናቴን የገደላት የወጣ ስኳር ነበርና፣ የሚወርድ ስኳር የሚባል ነገር ለኔ የሰነፍ ሰው ሰበብ ነበር።

በረመዳን መጀመሪያ ሳምንት አሥራ አንዱን ጠርሙስ ሳንቀምስ ሠራን። ሎሚውን በግምት ጨመርን። አስፋልቱ ዳር ያለው ሻይ ቤት ለዳቦው ተቀብሎን ነበር። ጥቂት ቀን ቆይቶ ባለቤቷ ክዳናቸው የተነፋ ጠርሙሶች በፌስታል ይዛ መጣች፤ በር ላይ ቆማ፣ መንገደኛ እየሰማ፣ "ይኼን ለሰው ልታበሉ ነው?" አለች። ጎረቤቴ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ፌስታሉን ተቀበልኳት። ከባሌ ቤት ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ደህና ነገር ተናግሮልኝ የሚያውቀው በዚያ ማርማላታ ብቻ ነበር።

ቆሻሻውን ደፍተን ስንመለስ አባቴ ሎሚው ዛፍ ሥር በርጩማው ላይ ተቀምጧል።

"እኔ ልቅመስላችሁ" አለ።

"አዎ፣ አንተማ ትቀምሳለህ" አልኩት።

"ቀምሼ እተፋዋለሁ። ወላሂ አልውጠውም።"

"መሐላህን ለራስህ ያዘው።"

ሆኖም ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ሌላ መንገድ አልታየኝም። እናቴ በረመዳን ወጥ ስትሠራ ጨው በግምት የምትጨምር ይመስለኝ ነበር፤ ብትቀምሺው አይሆንም ወይ ብዬ ጠይቄያትም አላውቅ። ስለዚህ በማግስቱ ድስቱ ሲንተከተክ አባቴን ጠራሁትና ሕጉን ነገርኩት። በማንኪያ ጫፍ ትቀምሳለህ። አመዱ ላይ ትተፋለህ። በውኃ ትጉመጠመጣለህ፣ ውኃውንም ትተፋለህ። ከዚያ አፍህን ትከፍታለህ፣ አያለሁ።

"እሺ" አለ።

ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነና ምላሱን ከላንቃው ጋር አንድ ሁለቴ አጣበቀ። ጎንበስ ብሎ አመዱ ላይ ተፋ፣ ተጉመጠመጠ፣ ውኃዋን አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ተፋት። በዚያ ፀሐይ፣ ያ ሽማግሌ፣ አንድ ጉንጭ ውኃ እንኳ ለጉሮሮው አለማለቱ ገርሞኝ ነበር። ሊያስመስል ነው ብዬ አለፍኩት።

"ሁለት ሎሚ ይጨመርበት" አለ።

"አፍህን ክፈት።"

ከፈተ።

"ምላስህን አንሳ።"

አነሳ። ጥርሶቹ ግማሾቹ የሉም። ጎረቤቴ ማማሰያዋን ድስቱ ውስጥ ትታ፣ "ኧረ አንቺ ልጅ፣ አባት ናቸው እኮ!" አለች።

"እናቴም እናት ነበረች" አልኳትና አየሁ። ሁለቱንም ጉንጩን፣ ከምላሱ ሥር ያለውን፣ ሁሉንም አየሁ። ከዚያ "እሺ" አልኩት። እሺ ስለው ነው አፉን የዘጋው።

ያ ማርማላታ ጉድ ተባለለት። የሻይ ቤቷ ባለቤት ራሷ መጥታ ተጨማሪ አለች። የአባቴ ምላስ የሚገርም ነበር፤ ግማሽ ሎሚ፣ ሩብ ሎሚ እስኪል ድረስ ይለያል። የሐይቅ ዳሩን ከጓሮው ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ጠዋት እንሠራ ነበር። እኔና ጎረቤቴ ልጣጩን ልጠን ዘሩን አውጥተን ስንከትፍ እሱ ከሎሚው ሥር ሆኖ ያወራል። ሎሚዋን እናቴ በሙሽርነቷ እንደተከለቻት፣ ችግኟን ከአገሯ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በእግሯ እንዳመጣቻት፣ እሱ አትበቅልም ብሎ እንደሳቀባት። ጎረቤቴ ትጠይቀዋለች፣ ይስቃሉ። እኔ ወሬው ሲረዝም፣ "በል ተነስ፣ ደርሷል" እላለሁ። ቅመስ፣ ትፋ፣ ክፈት፣ አንሳ። ሲለመድ እኔ ሳልናገር ራሱ ይከፍት ጀመር። እውነቱን ልናገርና ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ሰው የምለውን ያደርጋል፤ አንድ የቤተሰቤ ሰው አያታልለኝም። ደስታዬ ይኼ ነበር፤ የአባቴ ማርጀት፣ መዋረድ አልታየኝም።

ቁርስና ምሳውን ክፍሉ አስገብቼ እከድንለታለሁ። ሳህኑ ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። ኪኒኑን፣ "ለሱብሂ ሶላት ስነሳ ውጬዋለሁ" ይለኛል፤ ፍሬውም ሲጎድል አያለሁ። ስለዚህ ሊከሳ አይገባውም ነበር፤ እሱ ግን ከሳ። ጃኬቱ ትከሻው ላይ ተንጠለጠለ። ከሰዓት በኋላ ፍራሹ ላይ ጋደም ሲል ስጠራው ቶሎ አይመልስም። ከዚያ ረመዳን ሊጋመስ ሲል ጣቱን ሳጥበው ቁስሉ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። ያን ሳይ ውስጤ የነበረው ነገር ሁሉ ተነሳ። እየዋጠ ነው አልኩ። በምን ዘዴ እንደሆነ አላህ ይወቅ፣ ብቻ እየዋጠ ነው።

በማግስቱ ቀምሶ፣ ተፍቶ፣ አፉን ሲከፍትልኝ ማየት አልበቃኝም። ጣቴን ከተትኩበት። ጎረቤቴ "በእመቤቴ!" ስትል ይሰማኛል። ጣቴን በድዱና በጉንጩ መካከል እያዞርኩ ፈለግሁ። አልነከሰኝም፣ አልገፋኝም። ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ፤ ከአንደኛው ዓይኑ እንባ ወረደ።

"አልዋጥኩም፣ ልጄ" አለ፣ ጣቴን ሳወጣ።

"ቁስልህ እርጥብ ነው። ዋሽተኸኛል።"

"አልዋጥኩም።"

"አንተ እንደሁ ፆም የለብህ" አልኩት። "ብትዋሽስ ምን ይፈርስብሃል?"

የዚያን ጊዜ አየኝ። አንድ ነገር ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ተወው። በጃኬቱ እጅጌ አፉን ጠርጎ፣ "ግማሽ ሎሚ" አለና ወደ በርጩማው ሄደ። ጎረቤቴ ያን ቀን አላናገረችኝም። እኔም ግድ አልሰጠኝም፤ ልክ ነኝ ብዬ ነበርና።

ከዚያ በኋላም ስጠራው ይመጣ ነበር። አልቀረም። ያ እስካሁን አያስችለኝም።

የመጨረሻው ጠዋት ዒድ ሊደርስ ሦስት ቀን የቀረው ነው። ለዒዱም ለፋሲካውም የሚሆን ትልቁን ድስት ጥደናል፤ ጠርሙሶቹ ተቀቅለው ጨርቅ ላይ ተደፍተዋል። ስጠራው ዘገየ። ግድግዳውን ይዞ መጣ፤ ግንባሩ ላይ ላብ አለ፣ ገና ፀሐዩ ሳይበረታ። ማንኪያውን ስሰጠው እጁ ስለተንቀጠቀጠ ግማሹ ፈሰሰ። ቀመሰ። ሲተፋ አመዱን ስቶ ደረቱ ላይ ተፋው።

"ሎሚው?" አልኩት።

ድስቱን አየ፣ እኔን አየ። "ልጂቱ የት ሄደች?" አለኝ፣ እኔ እናቴ የሆንኩ ያህል። ቀጥሎ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዴም ብሎት የማያውቀውን አለ።

"አንድ ማንኪያ ስጭኝ። አንቀጠቀጠኝ።"

እጁን ወደ ማንኪያው ዘረጋ። ማንኪያውን ወደ ኋላ ሸሸግሁት።

"ይኸው" አልኩት ለጎረቤቴ፤ ለእሱ አይደለም። "አላልኩሽም? እስከ ዛሬ ሲጠብቅ የነበረው ይህችን ነው።"

"እኔንጃ፣ ላብ አልቧቸዋል እኮ" አለች።

"እናቴንም ያልባት ነበር።"

ክንዱን ይዤ ክፍሉ አስገባሁት። ፍራሹ ላይ ሲቀመጥ እንኳ እጁ ወደ ማንኪያው እንደተዘረጋ ነበር። "ድራማህን ጨርስና ትነሳለህ" አልኩትና በሩን ገጠም አደረግሁ። ማርማላታው ደርሷል፤ ከድስት ወደ ጠርሙስ እንደፈላ ካልገባ ክዳኑ አይይዝም፣ ጥንቃቄው ሁሉ ከንቱ ነው። ጎረቤቴ ሄደሽ እያቸው አለችኝ። ያኮረፈ ሰው ይተኛበት አልኳት። ሎሚውን በግምት ጨምረን ሞላን፣ አፋፉን በንጹህ ጨርቅ ጠረግን፣ ከደንን፣ አዙረን ደፋን፣ ደግሞ አቅንተን በፈላ ውኃ ቀቀልን። አሥራ ስምንት ጠርሙስ። አንድም አልፈሰሰ፣ አንድም አልተሰነጠቀ። ሲበርዱ ክዳኖቹ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ጠብ እያሉ ሲሰረጉዱ ቆሜ አዳመጥኩ፤ እንደዚያ ጥሩ ወጥቶልን አያውቅም ነበር።

የቀትሩ፣ የዙሁር አዛን ወጣ። ለሶላት ሊታጠብ፣ ለውዱእ አልተነሳም። አባቴ አዛን ሰምቶ ያልተነሳበትን ቀን ስለማላውቅ ያኔ ደነገጥኩ።

ፍራሹ በላብ ርሷል። መንጋጋው ገጥሟል፣ ያንኮራፋል፣ ዓይኑ ግማሽ ተከፍቶ ነጩ ይታያል። በባጃጅ አቅፌው ጤና ጣቢያ ደረስን፤ ጎረቤቴ እግሩን ይዛለች። ነርሷ ጣቱን ወግታ መሣሪያውን አየችና ደነገጠች።

"ቁርስ በልቷል?"

"በልቷል። እኔው ነኝ ያስገባሁለት።"

"ትናንት ምሳስ?"

"በልቷል አልኩሽ!"

"የበላ ሰው እንዲህ አይወርድም" አለች። መርፌ ስትፈልግ፣ ስትሰካ፣ እጇ አላረፈም። "ከረሜላ ሰጥቼው ነበር። የት አደረገው?"

አልመለስኩላትም።

"አንድ ማንኪያ ስኳር፣ ማር፣ ማርማላታም ቢሆን፣ እየነቃ ሳለ ከአፉ ቢገባለት ኖሮ በእግሩ ቆሞ ትመልሽው ነበር" አለች። ሰድባኝ አይደለም፤ ለሌላ ጊዜ እንዳውቅ ብላ ነው። የቀሚሴ እጅጌ ላይ ማርማላታ ደርቆ ነበር። እጄን ወደ ኋላ ደበቅሁ።

ደሴ ላኩን። እዚያ ብዙ ቆየን፤ ዒዱም ፋሲካውም አለፈ። ዓይኑን ገለጠ፣ ነገር ግን የገለጠው ሰው ሌላ ነበር። ሐኪሙ፣ ጭንቅላት ያለ ስኳር ብዙ ከቆየ ይጎዳል፣ የሄደው ይመለሳል ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም አለኝ።

ቤት በገባን በሦስተኛው ቀን የመስጊዱን የውዱእ ውኃ የሚቀዱት ሽማግሌ ሊጠይቁን መጡ። ድሃ ሰው ናቸው፤ ወደ ውኃው የሚሄዱበት ቀጭን መንገድ በአባቴ መስኮት ሥር ነው የሚያልፈው። ከጋቢያቸው ሥር አንድ ሳህን አወጡ። የኛ ሳህን ነው፣ ጠርዙ ሰማያዊ።

"ይችን ልመልስ ነው" አሉኝ። "የመጨረሻዪቱ ቀን ቁርስ ናት። ሌላውን ጊዜ ገልብጬ ወዲያው እመልስለት ነበር፤ ያን ቀን መስኮቱ ላይ አስቀምጧት አግኝቼ ብጠራው ዝም ቢለኝ ይዣት ሄድሁ።"

"ምን ቁርስ?"

"ረመዳኑን ሙሉ በመስኮት ሲያቀብለኝ አልነበር? ሰደቃ ነው ይለኛል፣ እኔም ወስጄ አፈጥርበታለሁ። አላህ ይቀበለው፤ ፆመኛ ያስፈጠረ እንደ ፆመኛው ነውና ሁለት ፆም ነው የፆመ፣ የራሱንና የኔን። አልነገረሽም እንዴ?"

ተከራከርኳቸው፤ መከራከር ለምጃለሁ። "እሱ አልፆመም" አልኩ። "ጠዋት ጠዋት ማርማላታ ያስቀመስኩት እኔ ነኝ።"

"ይውጠው ነበር?"

"ይተፋው ነበር።"

"ታዲያስ ልጄ!" ሽማግሌው ሳቅ አሉ። "በምላስ ጫፍ ቀምሶ የተፋ ፆሙ አይፈርስበትም። ምግብ የምትሠራ ሴት ጨውዋን ቀምሳ ብትተፋ ምንም የለባት። ለዚህ አገር ሴት ሁሉ ይህን እየዞረ ያስተማረው ማን ሆነና? አባትሽ አይደል!"

አባቴ ፍራሹ ላይ ሆኖ እጁን ያያል። ሽማግሌው ዱአቸውን አድርገው ወጡ። እኔ ሳህኑን ይዤ ቀረሁ።

ያን ሁሉ ጠዋት እኔ ራሴ መቅመስ እችል ነበር። የሱ ምላስ አያስፈልገኝም ነበር፤ እሱም ያውቅ ነበር። አንዲት ቃል ቢናገር ማንኪያውን ተቀብዬው፣ ቀምሼ ተፍቼ፣ ከበርጩማው ሳላስነሳው እውል ነበር። ለምን እንዳልተናገረ ብዙ አስቤያለሁ፣ የማገኘው መልስ አንድ ነው። በቀን ውስጥ ከእሱ ጋር የምቀመጠው፣ የማናግረው፣ ፊቱን የማየው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር። ቀሪውን ቀን ሳህን አስገብቼ ሳህን የማወጣ ሰው ነበርኩ። አፉን ከፍቶ ያሳየኝ የነበረው ፆመኛ ሆኖ ነው፤ ፆም የለብህ ስለው ሊመልስልኝ ፈልጎ የተወው ቃል እሱ ነበር። ቢናገር ፆሙን አስፈታው ነበር፣ በግድ፣ ጣቴን ከትቼ።

እግሩ ደህና ነው። ቁስሉ ደርቆ ጠባሳው ብቻ ቀርቷል። ያን ሁሉ ስጠብቅ የነበረው እግሩን ነበር፤ ይኸው ሙሉ ነው። እየደገፍነው ሎሚው ሥር ድረስ ይሄድበታል።

የሚያስቸግረው ምግቡ ነው። ነርሷ በሰዓቱ አብሉልኝ፣ እንዳይወርድበት ብላለች። ከጎረቤቴ እጅ ይበላል፤ አጥሚት፣ ፍትፍት፣ የሰጠችውን ይውጣል። ስለዚህ በቀን ሦስቴ አጥሩን ዞራ የምታበላው እሷ ናት፣ በፆሟም ቀን ሳትቀር። እኔ እስክትጨርስ ከሱ ዓይን ርቄ ጓሮ እቆማለሁ። ካየኝ የጎረሰውን ይተፋዋልና።

ጠዋት ላይ ግን፣ እሷ ሳትመጣ፣ አንድ ጊዜ እሞክራለሁ። ከአሥራ ስምንቱ ጠርሙስ የተረፈ አለ፤ አንዱንም ለሻይ ቤት አልሰጠሁም። በማንኪያ ጫፍ አደርግና ሎሚው ሥር አጠገቡ እንበረከካለሁ። "ዋጠው አባ" እለዋለሁ። "አፉ በለኝ። ዛሬ ዋጠው።" ይቀበለኛል። ዓይኑን ጨፍኖ ምላሱን ከላንቃው ያጣብቃል። ከዚያ አመዱ ወዳለበት ወደ ጎን ጎንበስ ይላል፣ ይተፋዋል፣ "ግማሽ ሎሚ" ይላል። ቀና ብሎም አፉን ይከፍትልኛል። ምላሱን ያነሳል። አይቼ "እሺ" እስክለው ድረስ አይዘጋውም።